ጂምኒን በግቢ ውስጥ ከፍ ማድረግ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሴ

በገዛ እጄ ከፍ ያደረግኳቸው መኪኖች ሁለት ናቸው፤ አንዷ ባለ ባሌስትራ (በተደራረቡ ጠፍጣፋ ብረቶች የተሠራ ስፕሪንግ) ሱዙኪ ሳሙራይ፣ ሌላዋ ባለ ሞላ (ጥምዝ ስፕሪንግ) ሱዙኪ ጂምኒ። ጋራዥ የለኝም፣ መካኒክም አይደለሁም። ከሁለቱ የተማርኩትን ይዤ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

ስንት ሴንቲ ልጨምር? ጓደኞቼ አሥር ይሉኛል።

አምስት ይበቃሃል። ከዚያ ካለፍክ ነገሩ ሞላና አሞርዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) በመቀየር አያልቅም። ኃይል ወደ አክስል የሚወስደው ዘንግ በጣም ይሰየፋል፣ የዘንጉ መታጠፊያ የሆነው ክሮቸራ ቶሎ ይበላል፣ መሪውም ያስቸግርሃል። አሥሩን የሚመክሩህ ጓደኞችህ ታዲያ ሲሠራ መጥተው ክሪክ ይያዙልህ።

ከፍ ካለች በኋላ ዲፈረንሻሉ ድንጋይ አይነካም አይደል?

ይነካል! ሞላ የሚያነሣው ሻንሲውንና (ቦዲው የተቀመጠበትን የብረት አጽም) ቦዲውን ነው። ዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ጥርሳጥርስ) ያለው አክስሉ ላይ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ የሞላው ሥራ ለዚያ ጎማ ቦታ መክፈት ነው። 195/80 ባለ 15 ጎማ ቁመቱ 69 ሴንቲ ገደማ ነው። 235/75 ብትገጥም 73 ይሆናል። አራት ሴንቲ አተረፍኩ እንዳትል፤ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው ግማሹን፣ ሁለቱን ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም ይዋሻል፦ ቀድሞ ልክ ከነበረ፣ አሁን 80 ሲልህ አንተ ወደ 85 እየሄድክ ነው።

ሞላ መጭመቂያ የለኝም። ያለሱ መሞከር አደገኛ ነው ይሉኛል።

ጂምኒ ላይ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ አክስሏ ድፍን፣ ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ነው። ሻንሲውን በጠንካራ የብረት ስታንድ ደግፍ። አክስሉን በክሪክ ያዝ። የአሞርዛተሩን የታች ቡሎን ፍታና ክሪኩን ቀስ እያልክ አውርድ። ሞላው ራሱ ይላላል፣ በእጅህ ታወጣዋለህ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ግን ለአንዲት ደቂቃም አትግባ። የመኪናህ ሞላ ከአሞርዛተሩ ጋር አንድ ላይ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ሞላ ታምቆ የተቀመጠ ኃይል ስለሆነ መሣሪያው ላለው ሰው ስጠው።

አክስሉ ሲወርድ ዓይንህ ከፍሬን ቱቦው ላይ አይነሣ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሞላው ላይ አፍጥጬ ስቀር ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነበር። ክሪኩን መልሼ ከፍ አድርጌ፣ ቱቦውን ከሻንሲው ጋር የሚይዘውን ቅንፍ ፈትቼ ነው ያተረፍኩት። ረዥም ቱቦ አብረህ ግዛ።

ከፍ ካደረግኳት ወዲህ መሪው ይዋልላል፤ ከታጠፍኩ በኋላም በራሱ አይመለስም።

ካስተር ነው። የብስክሌት የፊት ሹካን ተመልከት፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ፊት ሰያፍ ብሎ ነው የሚወርደው። ጎማው አቅጣጫውን እንዲይዝ የሚረዳው ያ ስየፋ ነው፤ ካስተር የሚባለውም እሱ ነው። መኪናዋ ከፍ ስትል የፊት አክስሉ ትንሽ ይዞርና ስየፋው ይቀንሳል። መፍትሔው ቀዳዳቸው ከመሐል ፈንጠር ያለ ልዩ ጎሚኒዎች (ቡሎን የሚያልፍባቸው የጎማ ቁራጮች) መግጠም ነው። እነሱን መዶሻ አያስገባቸውም። አክስሉን ከሻንሲው የሚያያይዙትን አርሞች ፈትተህ ፕሬስ ያለው ሰው ጋ ውሰድ።

ሌላም አለ። አክስሉን ከሻንሲው ጋር አግድም የሚያስረው ዘንግ ርዝመቱ ስለማይለወጥ፣ መኪናዋ ስትነሣ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ከፓራፋንጎው ጠርዝ ክር በድንጋይ አንጠልጥልና በግራም በቀኝም ጎማው ምን ያህል እንደሚርቅ ለካ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየህ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልግሃል።

ስፔሰር (ከሞላው ጫፍ የሚገባ ማስረዘሚያ) ብቻ ባስገባስ?

ከፍ ትላለች። ግን ሞላው ያው የደከመው ሞላ ነው።

የእኔ ባለ ባሌስትራ ናት። ረዥም ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው የሚያገናኘው ብረት) ብቻ ብገጥምላትስ?

የሻክሉን ርዝመት በ5 ሴንቲ ብትጨምር መኪናዋ የምትነሣው 2.5 ገደማ ነው፤ የባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ የሚወርደው። ከፊት ካደረግከው ካስተሩንም ይነካል። እኔ ባሌስትራውን ራሱን መቀየር እመርጣለሁ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች አንዴ ከፈታሃቸው መልሰህ አትጠቀምባቸው። ሲጠብቁ ስለሚለጠጡ ሁለተኛ ጊዜ እንደ አዲስ አይዙም።

ከጨረስኩ በኋላ ጉድጓድ ባለፍኩ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ትላለች።

በጎሚኒዎቹ ውስጥ የሚያልፉትን ቡሎኖች ያጠበቅከው ጎማው አየር ላይ እያለ ነው፣ አይደል? እኔም ሳሙራይዋ ላይ ያንኑ ሠርቼ፣ መንፈቅ ሳይሞላ ሁለት ጎሚኒ ተቀደደብኝ። ጎሚኒው በጠበቀበት ቦታ ይነክሳል። መኪናዋ ስትወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በያንዳንዱ ጉድጓድ ደግሞ የበለጠ ይጠመዘዛል። አሁን እነዚያን ቡሎኖች ሁሉ አላላ። መኪናዋን በጎማዋ አቁማት፣ ላይዋ ላይ ወጥተህ ነቅንቃት፣ ከዚያ በቶርክ ቁልፍ በማኑዋሉ ልክ አጥብቅ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ደግመህ ፈትሽ። አዲስ የገባ ነገር ቦታውን ሲይዝ መላላቱ አይቀርም።

ትገለበጣለች እያለች እህቴ አስፈራራችኝ።

እህትህ እውነቷን ነው። ክብደቱ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ትንሽ መኪና ደግሞ ጠባብ ናት። በፊት በ60 የምትታጠፍበትን ኩርባ አሁን በ60 አትሞክረው። ሌላው የሚረሳ ነገር የፊት መብራት ነው። ግድግዳ ፊት አቁመህ ዝቅ አድርገው፤ አለዚያ ማታ ከፊትህ የሚመጣው ሁሉ ረዥም መብራት እያበራ ይሰድብሃል።