የትሬለር ጎማና ቸርኬ፦ የካምሪ ጎማ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ዳላስ ነው የምኖረው፣ የሰው እቃ እያጓጓዝኩ ነው የምሰራው፣ በፒካፕ የምጎትታት ባለ አንድ አክስል ትንሽ ትሬለር አለችኝ። ጎማዎቿ 13 ኢንች ናቸው፣ ጥርሳቸው ገና ነው ግን ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። ጓደኛዬ የካምሪ ጎማ ከነቸርኬው በነፃ ልስጥህ አለኝ፣ ስንለካውም ብሎኑ ገጠመ። ሌላ ሰው ደሞ 15 ኢንች ግዛና ተገላገል ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ ጎማው ጎኑ ከተሰነጠቀ ጭነህ ሀይዌይ እንዳትወጣበት እባክህ፣ ጥርሱን አይተህ አትታለል። የትሬለር ጎማ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ፀሀይ እየመታው ላስቲኩ ይደርቃል፣ የቴክሳስን ሙቀት ደሞ አንተ ታውቀዋለህ።

የካምሪው ብሎን መግጠሙ እውነት ነው፣ 5 በ114.3 ሚሊሜትር ነው፣ አምስት ብሎን 114.3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ማለት ነው፣ እሱም ብዙ ትሬለር ላይ ያለው 4.5 ኢንች ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የትሬለር ቸርኬ ሞዞው ላይ (ብሎኖቹ ያሉበት፣ ቸርኬው የሚታሰርበት) የሚያርፈው ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ወርዱ መሀል ላይ ነው፣ የካምሪው ግን ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ ስታስረው ጎማው ወደ ውስጥ ይገባና ባሌስትራውን ወይ ፍሬሙን ሊፈገፍግ ይችላል፣ የመሀሉ ቀዳዳም ብዙ ጊዜ ለትሬለር ሞዞ ይጠባል። ጎማውም ቢሆን የተሰራው ለመኪና ነው፣ ትሬለር ላይ ሲገባ ጎኑ ላይ የተፃፈው የጭነት ልክ ለ1.10 ተካፍሎ ይቀነሳል። ስለዚህ በነፃም ቢሆን ይቅርብህ። ስሙ በኤስቲ የሚጀምረውን ግዛ፣ ለትሬለር ተብሎ የተሰራ ማለት ነው።

ከዛ ፍሬሙ ላይ ፊት ለፊት በግራ በኩል የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ፣ ትሬለሩ ከነጭነቱ ስንት ፓውንድ እንደሚፈቀድለት፣ የጎማ ሳይዙንና ንፋሱን ይነግርሃል። እንዳንተ አይነቶቹ ብዙዎቹ 2990 ፓውንድ ናቸው። አሁን እይ፣ ኤስቲ175/80 ባለ 13 ኢንቹ ሎድ ሬንጅ (የሚሸከመው ጭነት ደረጃ) ቢ ከሆነ አንዱ የሚሸከመው 1100 ፓውንድ ነው፣ ሁለቱ 2200፣ ያ አይበቃህም። ያው ሳይዝ ሎድ ሬንጅ ሲ ከሆነ 1360 ነው፣ ሁለቱ 2720፣ ከጭነቱ የተወሰነው መጎተቻው ላይ ስለሚያርፍ ልክ ልኩን ይበቃል፣ ትርፍ ግን የለውም። ኤስቲ205/75 ባለ 15 ኢንቹ ሎድ ሬንጅ ሲ ግን አንዱ 1820 ይሸከማል፣ እንዳንተ በየቀኑ እቃ ለሚጭን ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ፓራፋንጎው ከፈቀደ። 13ና 15 የሚባለው የቸርኬው ልክ ነው፣ የጎማው ሙሉ ቁመት ግን ከ24 ወደ 27 ኢንች ስለሚያድግ ጎማው ወደ ላይ 1.5 ኢንች ይጠጋል፣ ባዶውን ሳይሆን ጭነህ ባሌስትራው ከወረደ በኋላ ክፍተቱን ለካ። ጎማው ስላደገ ግን አክስሉ አልጠነከረም፣ ወረቀቱ ላይ ከተፃፈው በላይ እንዳትጭን።

ንፋሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እንደ መኪናው 35 ነፍቶ ይሄዳል። ሎድ ሬንጅ ሲ ያንን ሁሉ የሚሸከመው 50 ፒኤስአይ ሲሆን ነው፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካው፣ ያነሰ ንፋስ ጎማውን አሙቆ ነው የሚያፈነዳው። ፍጥነትም አለ፣ ብዙ የትሬለር ጎማ የተሰራው ለ65 ማይል ነው፣ ጎኑ ላይ ኤል የምትል ፊደል ካለች 75፣ ኤም ከሆነች 81፣ የቴክሳስ መንገድ 75 ስለሚል ፊደሏን ሳታይ አትግዛ።

ስታስር ዳዶውን በኮከብ ቅርፅ እያፈራረቅክ አጥብቅ፣ ግማሽ ኢንች ብሎን ከሆነ ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ (የማጥበቂያው ኃይል ልክ)፣ ከዛ 10፣ 25ና 50 ማይል ላይ ቆመህ ደግመህ እየው ምክንያቱም አዲስ ቸርኬ ይላላል። ጎማው ወልቆ እያለ ኩሽኔታውን አዙረህ ስማው፣ የሚያንሿሽ ከሆነ ግራሶ ወይ መቀየር ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ የድግስ እቃ የምጭንበት ትሬለር አለኝ፣ ስኮርታ ጎማው ከተገዛ ጀምሮ አልተነካም፣ አዲስ ነው ብዬ ልጠቀምበት?

መልስ፦ እህቴ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዪ፣ 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ከ6 አመት ካለፈ ባይነካም አርጅቷል፣ ቀይሪው። ስትቀይሪ ከሌሎቹ ጋር ራዲያል ከሆኑ ራዲያል፣ ባያስ ከሆኑ ባያስ ይሁን፣ እነዚህ ሁለት የጎማ አሰራር አይነቶች ናቸው፣ አንድ አክስል ላይ ሁለቱ አይቀላቀሉም፣ ሳይዙ መሀል ላይ አር (R) ካለ ራዲያል፣ ዲ (D) ካለ ባያስ ነው።