እቁብ ሞልቶን ምን ያዘን?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። እቁብ አለን፣ እድር አለን፣ የጽዋ ማህበርም አለን። «ማህበራዊ ካፒታል፣ ማለትም የሰዎች ትስስርና መተማመን፣ አገር ያሳድጋል» ከተባለ ታዲያ እኛን ምን ያዘን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መተማመን ሁሉ አንድ አይደለም። እቁብተኛህን የምታምነው ስለምታውቀው ነው፤ ቢክድ ዋስ አለው፣ ቤቱም ይታወቃል። አገር የሚያሳድገው ፈጠራ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማታውቀው ሰው ጋር ስትሠራ ነው። አንተ ጠጋኝ፣ እሱ አዘዞ ያለ በያጅ፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ሦስታችሁም «ሐሳቤን ይሰርቁኛል» ብላችሁ አፋችሁን ከዘጋችሁ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ስቴፈን ናክና ፊሊፕ ኪፈር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 29 የገበያ ኢኮኖሚ አገሮችን አወዳድረው ነበር። «አብዛኛው ሰው ይታመናል» የሚል በበዛበት አገር ኢኮኖሚው የተሻለ ሆኖ አገኙት። የማህበር አባልነት ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አላሳየም። ያንተ መልስ እኮ እዚህ ጋ ነው!

በእርግጥ ስዊድን በፈጠራ ከፊት የተሰለፈችው ሕዝቧ ስለሚተማመን ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ አለ፣ ፍርድ ቤቱ አለ። ውል ያፈረሰ በወጉ የሚዳኝ ከሆነ እንግዳን ማመን ያን ያህል አያስፈራም።

እስኪ ለሚቀጥለው እቁብ ከሌላ ሰፈርና ከሌላ ሙያ ሁለት ሰው ጨምሩ። ዋስ ግን እንዳትረሱ።