«ክሬነሌትድ» ማለት የፈረሰ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። ስለ ፋሲል ግቢ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጽሑፎች ላይ «ክሬነሌትድ» የሚል ቅጽል ይደጋገማል። አንዳንዶቻችን «የፈረሰ» እያልን እንፈታዋለን። ትክክል ነን? የትኛውን የግንቡን ክፍልስ ነው የሚገልጸው?
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ፒያሳ

መልስ፦ አይደላችሁም፤ ቃሉ ሆን ተብሎ የተሠራን ነገር ነው የሚገልጸው። በዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ፊት ቆመው ቀና ቢሉ የሰገነቱ ከለላ ግንብ ጫፍ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ ያያሉ፤ ድንጋዩ ብቅ ይላል፣ ክፍተት ይተዋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ያ ነው «ክሬነሌትድ»። ያሳሳታችሁ ሳይሆን አይቀርም ይኸው የሸራፋ ጥርስ መልኩ ነው። ብቅ ያለው «መርለን»፣ ክፍተቱ «ክሬነል» ይባላል። ተከላካዩ ከመርለኑ ኋላ ተከልሎ በክሬነሉ በኩል ይተኩሳል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አንድ መኳንንት ቤቱን እንዲህ ጥርስ ለማልበስ ከንጉሡ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ጥርስ ያለው ቤት ምሽግ ነዋ!

ስለዚህ ቅጽሉን ለግንብ አጥር፣ ለማማ አናት ወይም ለሰገነት ከለላ ይጠቀሙበት፤ «ክሬነሌትድ ፓራፔት»፣ «ክሬነሌትድ ዎልስ» ይላሉ። በማዕዘኖቹ ያሉት አራት ክብ ማማዎች የተደፉት ጉልላት ነውና «ክሬነሌትድ ዶም» ካሉ ስህተት ነው። «ቬሪ ክሬነሌትድ»ም ለጆሮ አይጥምም፤ ግንቡ ጥርስ አለው ወይም የለውም።

ሁለት ቃላት ያምታታሉ። «ካስተሌትድ» ሰፋ ይላል፤ ማማና ጥርስ ኖሮት ምሽግ የሚመስልን ሕንጻ በሞላ ይገልጻል። «ክሬንዩሌትድ» ግን የቅጠል ጠርዝን ወይም የባሕር ዳርቻን ጥቃቅን ጥርስና ሞገድ ነው። በጽሑፍ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ መካከል ላይ «ኢ» በ«ዩ» ይተካል፣ «ኤል»ም አንድ ብቻ ይሆናል። እንግሊዞች «ክሬነሌትድ»ን በሁለት «ኤል» ይጽፋሉ፤ በአሜሪካ አጻጻፍ በአንድም ይገኛል።

ሲናገሩት «ክሬ» ላይ ይጫኑ እንጂ «ሌ» ላይ አይደለም። ለአገር ውስጥ ጎብኚ ደግሞ «ጥርስ ያለው የሰገነት ከለላ» ማለት ይበቃል።