መልስ፦ ለሚወዱት ፊልም ምን ይጨመርለት?

«ለሚወዱት ፊልም ቅድመ ታሪክ፣ ተከታይ ክፍል ወይም አንዱን ገጸ ባሕርይ ብቻ የሚከተል ሌላ ፊልም ቢሠራለት የቱን ይመርጣሉ?» ብለው ለጠየቁት፣ የእኔ ምርጫ በ1957 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው የዳይሬክተር ሲድኒ ሉሜት «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» ነው፤ ፊልሙ አባቱን በመግደል የተከሰሰ ወጣት ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ከተራ ዜጎች የተመረጡ አሥራ ሁለት የፍርድ ጉባኤ አባላት ሲከራከሩ ያሳያል። ተከታይ ክፍል ግን አልመኝለትም፤ ወጣቱ በእርግጥ አባቱን ይግደል አይግደል ሳናውቅ መቅረታችን የፊልሙ ጉልበት ስለሆነ፣ ምስጢሩን የሚገልጥ ማንኛውም ነገር ያፈርሰዋል።

የምመኘው፣ ግድያውን በሚያልፍ ባቡር መስኮቶች በኩል አይቻለሁ ብላ የመሰከረችውን ሴት የሚከተል ፊልም ነው። ስለ እሷ የምንሰማው ከፍርድ ጉባኤው አባላት አንደበት ብቻ ሲሆን፣ ምስክርነቷን የሚንደውም አረጋዊው አባል በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ያስተዋለው የመነጽር ምልክት ነው። አዲሱ ፊልም እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ ቢጀምር፣ ካሜራውም መነጽር በሌለው ዓይኗ ብቻ እያየ ከባቡሩ ማዶ ብዥ ያለ ጥላ ቢያሳየን፣ ቀጥሎም ወደ ችሎቱ ከመግባቷ በፊት መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ብናያት፣ ዋሽታ ሳይሆን አይቻለሁ ብላ ከልቧ አምና እንደመሰከረች እንረዳት ነበር። ለእኔ ከገዳዩ ማንነት ይልቅ የሚያጓጓኝ ይህ እምነቷ እንዴት እንደተወለደ ነው።