ስለ አበባ ቅርጽ ጠይቁኝ፦ ክቡ፣ ባለ ፊቱና ጠማማው

ሰላም ለሁላችሁም። አንዳንዱ አበባ ዙሪያውን እኩል ነው፣ አንዳንዱ ፊት ያለው ይመስላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከየትም ብታዩት አይገጥምም። ለምን እንደሆነ የገረማችሁ ጠይቁ፤ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲሜትሪ ሲሉ ምን ማለት ነው? በቀላሉ ንገረን።

ለሁለት ሲቆረጥ ግማሾቹ መመሳሰላቸው ነው። የተልባ አበባ ውሰድ። አምስት ሰማያዊ የአበባ ቅጠል አለው። በየትኛውም ቅጠል መሃል ብትቆርጠው ሁለቱ ግማሾች ይመሳሰላሉ። የቡናም አበባ እንደዚያው ነው። የባቄላ አበባ ግን ላይና ታች አለው፦ ከላይ አንድ ሰፊ ቅጠል ቆሟል፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት ክንፎች አሉ፣ ከስር ደግሞ ሁለት ቅጠሎች ተጣብቀው ኪስ ሠርተዋል። እሱን እኩል የሚከፍለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከላይ ወደ ታች። ባለ ፊት የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ተክሉ ምን ይጠቀማል?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ክብ አበባ ላይ ዝንቡም ጥንዚዛውም ከፈለገበት አቅጣጫ መጥቶ ያርፋል፤ ብናኙም (የወንዴው ክፍል ዱቄት) የትም ቦታው ላይ ይነካዋል። ባቄላ ግን ጎብኚውን ቦታ ያስይዘዋል። ማሳ ዳር ቁጭ ብለህ አንዲት ንብ ብቻ ተከታተል። ክንፎቹ ላይ ስታርፍ ክብደቷ ወደ ታች ይጫናቸዋል፣ ኪሱ ይከፈታል፣ ብናኙ ብቅ ብሎ ሆዷ ላይ ይለጠፋል። ቀጣዩም ባቄላ ላይ በዚያው አኳኋን ስለምታርፍ ብናኙ የሚፈለግበት ቦታ በትክክል ይደርሳል። ብክነቱ ይቀንሳል። ይሄ ማለት ግን ክቡ አበባ ኋላ ቀር ነው ማለት አይደለም፤ ማንም ይምጣ ብሎ በሩን መክፈትም ራሱን የቻለ ብልሃት ነው።

ጥያቄ፦ አደይ አበባስ? ክብ ነው አይደል?

ከሩቅ አዎ። ቀረብ ብለሽ ስታይው ግን አደይ አንድ አበባ አይደለም፤ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው! አንዱን ገንጥለሽ በጥፍርሽ ሰንጥቂው። መሃል ላይ ያሉት እያንዳንዳቸው አምስት ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ክብ አበቦች ናቸው። ዳር ላይ ቅጠል የሚመስሉን ቢጫዎቹም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፤ ወደ አንድ ጎን ተለጥጠው ነው እንጂ። ስለዚህ ባለ አንድ ጎን አበቦች ተደርድረው ክብ ሠሩ ማለት ነው። ኑግም የፈረንጅ ሱፍም እንዲሁ ናቸው። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ አበባ የለም።

ጥያቄ፦ ባለ ፊቱ አበባ ክብ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ታሪኩም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 አንድ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስዊድን ውስጥ ሊናሪያ የሚባል ቢጫ አበባ አገኘ። የተለመደው ሊናሪያ ከስሩ አንድ ጭራ ብቻ አለው። ይሄኛው ግን አምስት ጭራ ነበረው፤ ዙሪያውንም እኩል ነበር። ነገሩ ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም በማውጣት የታወቀውን ሊኒየስን እጅግ አስደነቀው፤ በ1744 ጻፈበት። ምክንያቱ የታወቀው ግን በ1999 ነው። የአበባውን የላይኛውን ጎን ከታችኛው የሚለይ ሳይክሎይዲያ የሚባል ዘረመል አለ። በዚያ አበባ ላይ የዘረመሉ ጽሑፍ አልተለወጠም፤ ኬሚካል ተለጥፎበት ሥራውን አቆመ እንጂ። ላይኛው ጎን ላይኛው መሆኑን የሚነግረው ሲጠፋ ሁሉም ቅጠል እንደ ታችኛው ሆነ።

ዳርዊንም ስናፕድራገን በሚባለው አበባ ላይ ሞክሮታል። ክቡን ከተለመደው ባለ ፊት ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ የተለመደውን መሰለ። በቀጣዩ ትውልድ 88ቱ የተለመዱ፣ 37ቱ ክብ፣ 2ቱ መሃል ላይ ሆኑ። ይሄ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል አተር ላይ ካገኘው ሦስት ለአንድ ጋር ይቀራረባል፤ ዳርዊን ግን እዚያ ድምዳሜ ላይ አልደረሰም።

ጥያቄ፦ ጭራሽ ሲሜትሪ የሌለው አለ?

ካና። በየግቢው የሚተከለው ቀዩና ብርቱካናማው። ደማቅ ቅጠል የሚመስሉን በአብዛኛው መልካቸውን የቀየሩ የወንዴ ክፍሎች ናቸው። ብናኝ የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በግማሽ ጎኑ። በየትም በኩል ቁረጠው፣ እኩል አይወጣም። ቦሎቄም የባቄላ ዘመድ ሆኖ ሳለ የስረኛው ኪሱ ተጠምዝዞ ተጠቅልሏል።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳዬ አንድ ጎኑ አነስ ብሎ አበበ። በሽታ ይሆን?

አንድ ሁለት አበባ ከሆነ አይዞሽ። እምቡጡን ነፍሳት ነክቶት ወይም ብርድ መቶት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከተጣመመና አረንጓዴ ቅጠሉም ከተጨማደደ ግን ቅጠሉን ገልብጠሽ ክሽክሽ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ እናቴ እጇን የምትቀባው እንሶስላስ?

ማቅለሚያው ከሥሩ ነው የሚወጣው፤ አበባው ግን መታየት አለበት። ነጭ ነው፣ ባለ ፊት ነው፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ አለው። ቀሰሙ ጭራው ውስጥ ስለሆነ ረጅም ምላስ ያለው ብቻ ነው የሚደርስበት። ሌላም ነገር አለ፦ አበባውን የያዘው ቀጭን ዘንግ ይዞርና አበባው ይገለበጣል፤ አሁን ከታች የምታየው ጭራ ያለው ክፍል ሲጀመር ከላይ የነበረው ነው። ብዙ ኦርኪዶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እናትህ ጋ ካለ እምቡጡ ሳይፈነዳ ጀምረህ ተከታተለው።