ፓምፑ ከመለወጡ በፊት ቆጣሪዎቹ ይነበቡ

ጥያቄ፦ በአንድ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት የፓምፕ ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። የምናመርተው ውሃ ብዙም ሳይጨምር የመብራት ወጪያችን ከዓመት ዓመት እየናረ በመሄዱ፣ ኃላፊዎቻችን ፓምፑን በአዲስ ለመተካት አስበዋል። አሁን የምናሠራው የመውጫውን ቫልቭ ግማሽ ያህል ዘግተን ነው። መፍትሔው በእርግጥ አዲስ ፓምፕ ነው? የፍሳሽ ማጣሪያችንስ ይህን ያህል ኃይል የሚወስደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ግማሽ የተዘጋው ቫልቭ ነው፤ ፓምፑ ለውሃው የሰጠውን ጉልበት ቫልቩ መልሶ ያባክነዋልና። ከቫልቩ በፊትና በኋላ የግፊት መለኪያ ገጥማችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው 8 ባር፣ ሁለተኛው 6 ባር ቢያሳይ፣ በፓምፑ መግቢያ ያለው ግፊትም ቸል የሚባል ከሆነ፣ ፓምፑ ለውሃው ከሰጠው ኃይል ሩቡ እዚያው ቫልቭ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን በተመሳሳይ ሰዓት እያነበባችሁ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደወጣ አስሉ። 1 ሜትር ኩብ ውሃን 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ምንም ብክነት ባይኖር፣ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ለዚሁ ከፍታ 0.6 የምታወጡ ከሆነ፣ ከምትከፍሉበት ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ አላነሳም፤ በሚገባ የተመረጠና የተያዘ ፓምፕ ከነሞተሩ ወደ 0.4 ሊያወርደው ይችላል። ይህ ቁጥር ሳይታወቅ የሚገዛ ፓምፕ እንደ አሮጌው ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ ቫልቩን እንደገና ሊያስዘጋ ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ትገዙ ይሆናል። ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚፈለገው ኃይል ወደ ግማሽ የሚወርደው ግን ጫናው በአብዛኛው ውሃው ከቧንቧው ጋር ከሚፈጥረው ሰበቃ ሲመጣ ነው። ውሃው ከፍ ወዳለ ማጠራቀሚያ የሚገፋ ከሆነ ትርፉ በጣም ያንሳል፤ ፍጥነቱ ከልክ በላይ ከወረደም ውሃው ጨርሶ አይደርስም።

በመስመር ላይ የሚፈስ ውሃም የተገፋበትን መብራት ይዞ ነው የሚጠፋው። ደንበኞች በተኙበት ሌሊት ከማጠራቀሚያው የሚወጣውን ውሃ ለኩ፤ አብዛኛው የሚያፈሱ ቧንቧዎች ድርሻ መሆኑን ትረዳላችሁ። በዚያ ሰዓት ግፊቱን መቀነስ ፍሳሹንም የቧንቧ መፈንዳትንም ይቀንሳል።

ወደ ፍሳሽ ማጣሪያው ስንመጣ፣ አየር ወደ ገንዳ እየተነፋ በባክቴሪያ በሚያጣራ ጣቢያ ውስጥ ከኃይሉ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚወስደው አየር መንፋት ነው። በገንዳው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ውሃው መያዝ የሚችለው 9 ሚሊግራም ቢሆን፣ መጠኑን 5 ላይ ለማቆየት የሚነፋው አየር 2 ላይ ለማቆየት ከሚያስፈልገው በ75 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ውሃው ወደ ሙላቱ በቀረበ ቁጥር ኦክስጅን ለመቀበል ይዘገያልና። በገንዳው ዳር ቆማችሁም ፊቱን ተመልከቱ፦ ደቃቅ አረፋ እኩል ተበትኖ በሚታይበት መካከል አንድ ቦታ ብቻ እንደ ፈላ ድስት የሚንተከተክ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው አየር ማሰራጫ ተቀዷል፤ ትልልቁ አረፋም ኦክስጅኑን ሳያካፍል ወደ ላይ ያመልጣል። እሱን መጠገን ከአዲስ ማሽን ግዢ መቅደም አለበት።