ሬሳው ላልተገኘ ወታደር ፍትሐት ይደረጋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ ጅግጅጋ አጠገብ በካራማራው ተራራ ውጊያ ሞቷል ተብሎ መርዶ መጣ። ሬሳው አልመጣም፤ የት እንደተቀበረም አይታወቅም። አያቴ «ሬሳውን ሳላይ አላስፈታም» እንዳሉ ዐረፉ። አሁን ድሬዳዋ ያለነው ቤተሰቦች የካራማራ ድል በሚታሰብበት የካቲት 26 ቀን ልንዘክረውና የሕይወት ታሪኩን ልናስነብብ አስበናል። ግማሹ ዘመድ «ሬሳ በሌለበት ፍትሐት የለም» ይላል። ሌላው «ለአገሩ የሞተ ሰማዕት ነው፣ ፍትሐት አያሻውም» ይላል። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አጣን። በወታደር መዝገቡ ላይ አባቱ ተብለው የተጻፉት ያሳደጉት የእንጀራ አባቱ ናቸው። ጅግጅጋ ሳለ የወለዳት ልጅም አለችው፤ አንዳንዶች በታሪኩ ላይ እንዳትጠቀስ ይፈልጋሉ። ምን እናድርግ? (እኅታችሁ፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ጦርነቱ በነሐሴ 1969 ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ የደረሰ ስለነበር በድሬዳዋም በሐረርም እንዲህ ያለ መርዶ የገባበት ቤት ብዙ ነው። ሬሳ እየጠበቁ ዓመታት ያለ ጸሎት ያሳለፉ እናቶችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስለ አርባና ስለ ሰማንያ ቀን ተዝካር የምታውቁትን ትቼ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ዘመዶቻችሁ የሚከራከሩባቸው ሁለት አሳቦች የተቃረኑ ይመስላሉ፤ ፍሬያቸው ግን አንድ ነው። አንዱ «አይቻልም»፣ ሌላው «አያስፈልግም» ሲሉ አጎትሽ ይህን ሁሉ ዘመን ስሙ በመቅደስ ሳይጠራ ቀረ።

ሬሳ ሳይኖር ሊፈጸም የማይችለው ግንዘቱና ቀብሩ ነው። ጸሎተ ፍትሐቱ ግን ስለ ነፍሱ የሚቀርብ ልመና ስለሆነ ካህናት በቤተ ክርስቲያን ያደርሱታል። የሙሴን መቃብር እስከ ዛሬ ያወቀ የለም (ዘዳ. 34፥6)፤ እስራኤል ግን መቃብሩ እስኪገኝ አልጠበቁም፤ በሞዓብ ሜዳ 30 ቀን አለቀሱለት። ባሕርም በእርስዋ ውስጥ ያሉትን ሙታን እንደምትሰጥ ተጽፏል (ራእ. 20፥13)። የካራማራ ድንጋይም የያዘውን ይሰጣል። በውጊያ የወደቀውን የዮአብን ወንድም አሣሄልን ወገኖቹ አንሥተው ቤተ ልሔም በአባቱ መቃብር ቀብረውታል (2ኛ ሳሙ. 2፥32)፤ ይህ ለሚቻለው ቤተሰብ መጽናኛ ነው፤ ላልተቻለው ግን ዕዳ አይሆንበትም። አንዳንድ ቤተሰብ የሟቹን ልብስ በሣጥን አድርጎ ሲቀብር ይታያል። ይህን አታድርጉት። ልብሱ ካለ ለታረዘ ስጡት።

«ሰማዕት ነው» ለሚሉት በፍቅር ግን በግልጽ ንገሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት የምትለው ስለ ሃይማኖቱ መስክሮ የሞተውን ነው፤ ያን ሰማዕት «አማልደን» እንለዋለን። ለአገሩ የወደቀ ወታደር ክብሩ ትልቅ ነው፤ ሆኖም እንደማንኛችንም ጸሎት የሚሻ ምእመን ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካለው መጽሐፈ መቃብያን በሚለየው፣ በግሪኩ ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ላይ፣ የአይሁድ ጦር መሪ የነበረው ይሁዳ ለሕዝባቸው ሲዋጉ የወደቁትን ሊቀብር ሲሄድ ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ምልክት አገኘ። «ለሕዝባቸው ሞተዋል፣ ይበቃቸዋል» አላለም። 2,000 ድራክማ ብር ሰብስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ለወታደሮቹ ይህን ያህል የተጨነቀው ጀግንነታቸውን ስለናቀ አይደለም፤ ስለወደዳቸው ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ትልቁ ችግራችሁ እሱ ነው። ብዙ እናቶች መተት እንዳይደረግበት ሲሉ የልጃቸውን የክርስትና ስም ይደብቃሉ። ልጁ ሲሞት እናቱ ብቻ ታውቀዋለች፤ እርሷ ስትሞት ስሙም አብሯት ይቀበራል። እግዚአብሔር ያከበረውን ስም ጠንቋይ ይነጥቀዋል ብሎ መፍራት ለጠንቋይ የማይገባውን ሥልጣን መስጠት ነው። ይህን ደጋግመን ብናስተምርም ዛሬም አልቀረም። እባክሽ የራስሽንና የልጆችሽን የክርስትና ስም ዛሬውኑ ጻፊ፤ ቢያንስ ለሁለት ሰው ንገሪ።

የአጎትሽን ስም ለማግኘት መጀመሪያ የክርስትና አባቱን፣ እርሱ ከሌለ ልጆቹን ጠይቁ፤ በበዓል ቀን «የእገሌን ልጅ አባቴ ነው ያነሣው» ሲባል የሰማ አይጠፋም። ቀጥሎ የአያትሽን የንስሐ አባት፣ ካረፉም በእግራቸው የተተኩትን ካህን ጠይቁ። አያትሽ ለሕያዋንና ለሙታን የሚያስጸልዩበት የስም ወረቀት በዳዊታቸው ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ቅጠል በቅጠል እየገለጣችሁ እዩት። ክርስትና የተነሣበት ደብር በቃል የሚታወቅ ከሆነ እዚያ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። «በተወለደ በአርባኛው ቀን የዋለው በዓል የሚካኤል ነበርና ገብረ ሚካኤል ይሆናል» ብላችሁ በግምት አትወስኑ፤ መጽሐፍ ገልጦ ስም አወጣለሁ ለሚልም ገንዘባችሁን አትስጡ። ፈልጋችሁ ካጣችሁት ለካህኑ እንዲሁ እንደሆነ ንገሩ። በሚጠራበት ስም ያስቡታል፤ ጌታ ለእርሱ የሆኑትን ያውቃል (2ኛ ጢሞ. 2፥19)።

የአባቱ ስም ክርክር ጸሎቱን አይነካውም፤ በፍትሐት የሚጠራው የሟቹ የክርስትና ስም ነው። ለሕይወት ታሪኩ ግን ይጠቅማችኋልና በደንብ ጻፉት። «ከአቶ እገሌ ተወልዶ በአቶ እገሌ እጅ አደገ፤ በውትድርና መዝገብም በአሳዳጊው ስም ይጠራል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ወላጁንም አሳዳጊውንም ያከብራል። ኋላ ማስረጃ የሚፈልግ የልጅ ልጅ ቢመጣም መንገዱ አይጠፋበትም።

የዳዊትን ኃያላን ዝርዝር አንብቡ (2ኛ ሳሙ. 23)። እያንዳንዱ ከነአባቱ ወይም ከነአገሩ ተጽፏል። ከሠላሳ ሰባቱ መጨረሻ የተጠራው ኬጢያዊው ኦርዮ ነው፤ ንጉሡ በተንኰል በጦር ግንባር ያስገደለው ሰው። የንጉሡን ኀፍረት ለመሸፈን ሲባል ስሙ አልተፋቀም፤ ማቴዎስም በጌታ የትውልድ ሐረግ ላይ «የኦርዮ ሚስት» ብሎ አስታወሰው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ታሪኩ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የትውልድ ቦታውን፣ ወላጆቹንና አሳዳጊውን፣ ክርስትና የተነሣበትን ደብር፣ ትምህርቱን፣ መቼ እንደዘመተና የት እንደወደቀ፣ የተዋቸውን ልጆች ይያዝ። ማዕረጉን ከደብዳቤው፣ ከደመወዝ ወይም ከጡረታ ወረቀት አመሳክሩ፤ አሥር አለቃ የነበረውን ሃምሳ አለቃ አታድርጉት። አብሮት የዘመተ በሕይወት ካለ ረቂቁን አስነብቡት። «ታንክ ማረከ»፣ «ብቻውን ጉብታ ያዘ» የሚል ወሬ ዐይቶ የመሰከረ ሰው ከሌለው ይቅር፤ በካህናት ፊት ቆሞ የሚነበብ ወረቀት ውስጥ ያልተጣራ ነገር መግባት የለበትም። ንባቡም ጸሎቱ ተፈጽሞ ካህኑ ከፈቀዱ በኋላ ይሁን፤ በጸሎቱ መካከል ማይክሮፎን መቀማት ነውር ነው።

ልጅቱን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እነግራችኋለሁ፦ ስሟ ይጻፍ። አባቷ ከማን እንደወለዳት የእርሱ የንስሐ ጉዳይ ነው፤ እርሷ ግን ምንም አልበደለችም። ስለ አባቷ ነፍስ ጸሎት ሲደረግ እርሷን ከደጅ ማስቀረት ጸሎቱን ያቀዘቅዛል። ፈልጋችሁ ጥሯት፤ ከቤተሰቡ ጋር ትቀመጥ። የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ብትሆንም ጥሪው አይከልከላት፤ በአገራችሁ በለቅሶና በሰርግ እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ መዋሉ የኖረ ነው።

ለዝግጅቱ የንስሐ አባታችሁን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴና ዘቢብ መጠኑን ከደብሩ ጠይቁ። ፎቶውን በካናቴራ ላይ ማሳተምና ድንኳን መከራየት በጀቱን ቀድመው ከበሉት የነዳያኑ ምሳ ይጎድላል፤ ቅድሚያውን ለነዳያኑ ስጡ።

የካቲት 26 አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ድግሱ የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይበቃል፤ ጠላና አረቄ አታቅርቡ። በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እንግዶቻችሁን ለምሳ ሰዓት አትጥሩ፤ ነዳያኑንም ከቅዳሴው በኋላ አብሉ። የደብሩ የዕለቱ አገልግሎት ከተጣበበ ቀኑን ለቅርቡ ቅዳሜ ማዛወር ትችላላችሁ፤ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ይሁን ብቻ፤ በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም።